«ካፌ ሉሚዬር»፦ መምህሩን ሳይቀዱ ማክበር

ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ ያሱጂሮ ኦዙ የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1903 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቶኪዮ ከተማ ፉካጋዋ በተባለው ሠፈር ሲሆን፣ ያረፈውም በዚያው ከተማ፣ ልክ ስድሳ ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነው። የልደቱ መቶኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ከ1923 ጀምሮ የሥራ ዘመኑን ሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ ያገለገለው ሾቺኩ የተባለው የፊልም ኩባንያ ለመታሰቢያው አንድ ፊልም እንዲሠራ ወሰነ። ኩባንያው ኦዙ ታላላቅ ሥራዎቹን ያዘጋጀበትን የኦፉና ስቱዲዮ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2000፣ ዘግቶት እንደ ነበር ልብ ይሏል። ቤቱን ካፈረሱ በኋላ ለባለቤቱ ተዝካር እንደ ማውጣት ነው። የመታሰቢያውንም ሥራ የሰጡት ለጃፓናዊ አልነበረም፤ ለታይዋናዊው ለሆው ሲያው ሲየን ነበር። በ2003 የተጠናቀቀውና በ2004 በቬኒስ የፊልም በዓል ለውድድር የቀረበው «ካፌ ሉሚዬር» የተገኘው እንዲህ ነው።

የፊልሙን ታሪክ በጥቂት ዐረፍተ ነገር መንገር ይቻላል። ዮኮ የምትባል ወጣት ጸሐፊ ከታይዋን ወደ ቶኪዮ ትመለሳለች። በ1930ዎቹ በጃፓን ይኖር ስለነበረ አንድ ታይዋናዊ የሙዚቃ ደራሲ ጥናት ታካሂዳለች። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥና በትርፍ ጊዜው የባቡር ድምፅ እየዞረ የሚቀርጽ ሃጂሜ የሚባል ወዳጅ አላት። ወላጆቿ ወደሚኖሩበት ወደ ታካሳኪ ሄዳ፣ ሌሊት ተነሥታ ስትበላ፣ ማርገዟን ለእንጀራ እናቷ ትነግራለች። የሕፃኑ አባት በታይዋን የሚኖር ሰው ነው፤ ልታገባው ግን አታስብም። አባትየው ይህን ሰምቶ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ወላጆቿ በሌላ ጊዜ ለቀብር ወደ ቶኪዮ ሲመጡ ከጠባብ ክፍሏ ገብተው ራት ይበላሉ፤ አባትየው አሁንም ዝም ይላል። ከዚያም ባቡሮች ይመጣሉ፣ ባቡሮች ይሄዳሉ። አንድ መቶ ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም በዚህ ያልቃል።

«እና ምን ሆነ?» የሚል ተመልካች ከአዳራሹ ተናዶ ቢወጣ አያስገርምም። ሠርግ የለም፣ ልቅሶ አይታይም፣ ማንም ማንንም አይገፋም። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ፊልሙን ለኦዙ የቀረበ የጨዋነት ሰላምታ አድርገው አይተውት አልፈዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። «ካፌ ሉሚዬር» የሚያከብረውን ሰው አጥብቆ የሚጠይቅ፣ አንዳንዴም የሚወቅስ ሥራ ነው። ክብሩም ከዚሁ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ የኦዙን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ኦዙ ከ1927 እስከ 1962 ከሃምሳ በላይ ፊልሞችን አዘጋጅቷል። ዕድሜው በገፋ መጠን የሚያስፈልጉትን ነገሮች እየቀነሰ ሄደ። ካሜራው ታታሚ ከተባለው የሰሌን ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዐይን እንኳ ዝቅ ብሎ ይተከላል። ሌንሱ ዘወትር ማለት ይቻላል ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካሜራው ከተተከለበት አይንቀሳቀስም። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት፣ ተመልካቹን የሚያዩ ያህል ሆነው ይታያሉ፤ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ቀረጻው ተቆርጦ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲታለፍ የተሰጣ ልብስ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ የሚያልፍ ባቡር ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይታያል። ታሪኩም ሁልጊዜ አንድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ሴት ልጅ ታገባለች፣ ወላጅ ብቻውን ይቀራል። ኦዙ ራሱን ቶፉ ከሚሠራ ሰው ጋር ያመሳስል ነበር። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ ለስላሳ ምግብ ሲሆን፣ ሠሪው በየቀኑ ያንኑ ይሠራል እንጂ ሌላ ወጥ አይሞክርም።

እንዲህ ያለውን አሠራር መቅዳት ከባድ አይደለም። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መትከል፣ ማንቆርቆሪያ ማስቀመጥና ተዋንያኑን ቀስ ብለው እንዲናገሩ ማዘዝ ነው። ሾቺኩም ቢሆን የጠበቀው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ፊልሙ ሲጀምር የሚታየው የፉጂ ተራራ ያለበት የኩባንያው የቀድሞ ዐርማ ነው፤ ቀጥሎም ትራም ያልፋል፣ ዮኮ ልብስ ስታሰጣ ትታያለች። ኦዙን የሚያውቅ ተመልካች ፈገግ ይላል። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ዮኮ ጀርባዋን ሰጥታ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በስልክ ታወራለች፣ ከካሜራው ዕይታ ወጥታ ትመለሳለች፤ ቀረጻው አይቆረጥም። ፊቷን በቅጡ ለማየት ተመልካቹ ረጅም ጊዜ መታገሥ አለበት። ኦዙ ፊት ለፊት አስቀምጦ ቆርጦ የሚያሳየውን፣ ሆው ከጎን፣ ከሩቅ፣ በአንድ ያልተቋረጠ ቀረጻ ያሳያል። የካሜራ ባለሙያው ማርክ ሊ ፒንግ ቢን ከመስኮት የሚገባውን ብርሃን እንዳለ ይቀበለዋል፤ ካሜራውም በቀስታ ዞር ይላል፣ አንዳንዴም ዘግይቶ። ሁለቱ አሠራሮች ተቃራኒ ናቸው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ልማድ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ደግሞ ያቀረበ ተማሪ ተቀኘ አይባልም። መንገዱን ከመምህሩ ይማራል፤ ቅኔው ግን የራሱ፣ የዕለቱም መሆን አለበት። ሆው ያደረገው ይህን ነው። ከኦዙ የወሰደው የካሜራ ከፍታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ወላጅና ልጅ የልባቸውን ሳይነጋገሩ እንዴት አብረው ይኖራሉ? የሚለውን።

ይህ የሚታይበት አንድ ትዕይንት አለ። ኦዙ በ1953 ባዘጋጀው «የቶኪዮ ታሪክ» ውስጥ ኖሪኮ የምትባለው ባሏ የሞተባት ምራት የባሏን ወላጆች በጠባብ ክፍሏ ስታስተናግድ፣ በቤቷ የሚጠጣ ነገር ስለሌላት ከጎረቤት ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥና መጠጫውን ትበደራለች። በ«ካፌ ሉሚዬር» ዮኮ ወላጆቿ ሲመጡ እንዲሁ ወጥታ ሳኬና መጠጫ ትለምናለች። ይህን ያየ ሁሉ «ከኦዙ የተወሰደ ነው» ብሎ ይጠቁማል፤ ልክም ነው። ልዩነቱን ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ኖሪኮ ሳኬውን ስትበደር ድህነቷን እየሸፈነች ነው፤ በጎረቤቷ ፊት ስታፍር፣ በእንግዶቿ ፊት ደግሞ ደስተኛ ሆና ስትታይ ሴትሱኮ ሃራ ሁለት ፊት ይዛ ትጫወታለች። ያን ሁሉ የምታደርገው ሥርዓቱ ስለሚያስገድዳት ነው፤ ሥርዓቱም ፍቅሯን የምትገልጥበት መንገድ ሆኖላታል። ዮኮ ግን አታፍርም። ቤቷ ውስጥ ነገር ማጣቷ የድህነት ምልክት አይደለም፣ ብቻዋን የምትኖር ሰው መሆኗን የሚያሳይ ነው። መጠጡን ለምና ታመጣለች፣ ትቀዳለች፣ ትቀመጣለች። የምትጠብቀው ሥርዓት ስለሌለ የምትደበቅበትም የለም። ካሜራው ከአንድ ጥግ ሆኖ ሦስቱን ሰዎችና ከድንች ጋር የተሠራውን የሥጋ ወጥ ያያል። አባትየው ይበላል፣ ይጠጣል።

ስለዚህ አባት ዝምታ ብዙ መልካም ነገር ተጽፏል። ጥልቅ ፍቅር ነው፣ የምሥራቅ ጥበብ ነው፣ ቃል የማያስፈልገው መግባባት ነው የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ለፊልሙ ያለውን አክብሮት ያሳያል እንጂ ፊልሙን አያሳይም። ተዋናዩ ኔንጂ ኮባያሺ ሲጫወት በደንብ ከታየ፣ አባትየው ጥበበኛ ሳይሆን ቃል የጠፋበት ሰው ነው። ወሬው የሚወጣው በእንጀራ እናትየው በኩል ነው። በኪሚኮ ዮ የተተወነችው ይህች ሴት አንድ ነገር እንዲናገር ደጋግማ ትወተውተዋለች፤ ልጅቱን የምትጠይቀው፣ የምትጨነቀው፣ ወጡን የምታሞቀው እርሷ ናት። ያልወለደችውን ልጅ ጉዳይ ከወለደው አባት ይልቅ ተሸክማዋለች። ሆው ይህን አይሰብክም፤ ቢሆንም አልደበቀውም። አባትየው ዝም በማለቱ ያተረፈውን ክብር የምትከፍለው ሚስትየዋ መሆኗን ለማየት ካሜራው በማን ላይ እንደሚቆይ መከታተል ይበቃል።

የኦዙ አባቶች እንዲህ አልነበሩም። በ1949 በተሠራው «መገባደጃ ጸደይ» ውስጥ በቺሹ ርዩ የተተወነው አባት ልጁ እርሱን ትቶ ማግባት ሲያስፈራት ይናገራል፤ እንዲያውም ለእርሷ ሲል ይዋሻል፣ ዳግመኛ ሊያገባ እንዳሰበ አስመስሎ። የኦዙ ሰዎች ዝምተኞች ናቸው የሚባለው በልማድ ነው። ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቤዝቦል ሳያቋርጡ ያወራሉ። ዝምታው ከወሬው ሥር ነው ያለው። ልጅቱ ሄዳ አባትየው ብቻውን ፍሬ እየላጠ በሚቀርበት ሰዓት ተመልካቹ የሚያለቅሰው ከዚያ በፊት የተባለውን ሁሉ ስለሰማ ነው። በሆው ፊልም ያ የጨዋነት ወሬ ተሟጧል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የኦዙን ቤት ከፍቶ ሲገባ፣ ወሬው ጠፍቶ ዝምታው ብቻ ተቀምጦ አገኘው። ለመታሰቢያ ከቀረቡት ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል የደፈረ አልተገኘም። በዚያው በ2003 ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ ለኦዙ መታሰቢያነት ያቀረበው «አምስት» የተሰኘው ፊልም ከባሕር ዳርቻ በአምስት ረጃጅም ቀረጻዎች የተሠራ ነው፤ ውብ ነው፣ ነገር ግን ቤተሰብ የለበትም። ኦዙን ያለ ቤተሰብ ማሰብ ደግሞ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በ«የቶኪዮ ታሪክ» ፍጻሜ አማትየው ከሞቱ በኋላ አማቱ ሰዓታቸውን ለኖሪኮ ይሰጧታል፤ ኖሪኮም በባቡር ወደ ቶኪዮ ስትመለስ ከፍታ ታየዋለች። በ«ካፌ ሉሚዬር» መጀመሪያ አካባቢ ዮኮ ለሃጂሜ ከታይዋን ያመጣችለትን የባቡር ሠራተኛ የኪስ ሰዓት ትሰጠዋለች። አሁንም ሰዓት፣ አሁንም ባቡር። የመጀመሪያው ከሙታን የተላለፈ አደራ ነው። ሁለተኛው ከታይዋን የመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ፊልሙ ኦዙ ወዳልነካው ነገር ይሻገራል።

ታይዋን ከ1895 እስከ 1945 ሃምሳ ዓመት በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ዮኮ የምታጠናው የሙዚቃ ደራሲ ጂያንግ ወን ዬ በ1910 በታይዋን ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ጃፓን የሄደ እውነተኛ ሰው ነው። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ፣ ያን ጊዜ ይደረግ በነበረው የኪነ ጥበብ ውድድር፣ ስለ ትውልድ ደሴቱ በደረሰው የኦርኬስትራ ሙዚቃ ምስጋና አገኘ፤ የተመዘገበው ግን በጃፓን ስም ነው። በ1938 ወደ ቤጂንግ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ በቻይና የጃፓን ወዳጅ ተብሎ ተከሰሰ፣ በባህል አብዮቱ ዘመን ተንገላታ፣ በ1983 በዚያው አረፈ። ለጃፓኖች ታይዋናዊ፣ ለቻይናውያን ጃፓናዊ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በጃፓን የቀሩት ባለቤቱ ራሳቸው በእርጅና ዕድሜያቸው በፊልሙ ውስጥ ይታያሉ፤ ዮኮ ከፊታቸው ተቀምጣ ፎቶግራፎቹን ታያለች። ልብ ወለዱ ለአፍታ ቆሞ እውነቱ ይገባል። የጂያንግ የፒያኖ ሙዚቃም ከባቡሩ ድምፅ መካከል ብቅ እያለ ይሰማል።

ይህን ሰው ማን አስገባው? የጃፓን ኩባንያ ለጃፓን ታላቅ አዘጋጅ ያዘዘው መታሰቢያ ውስጥ፣ ቅኝ ከተገዛችው ደሴት የመጣው አዘጋጅ ነው ያስገባው። ሆው በ1947 በዋናው ቻይና ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ታይዋን የመጣ፣ የደሴቲቱን የቅርብ ጊዜ መከራ በ1989 «የኀዘን ከተማ» በተሰኘው ፊልሙ ያሳየና በቬኒስ ከፍተኛውን ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ዮኮ ሆና የምትጫወተው ዮ ሂቶቶ ከዚያ በፊት በዘፋኝነቷ እንጂ በተዋናይነት አትታወቅም ነበር፤ አባቷ ታይዋናዊ፣ እናቷ ጃፓናዊት ናቸው። ከዮኮ የሚወለደውም ሕፃን እንዲሁ የሁለቱ አገሮች ልጅ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የተሰበሰበ አይመስልም።

ኦዙ ራሱ ከ1937 እስከ 1939 በቻይና ወታደር ነበር። ጂያንግ ወደ ቤጂንግ በሄደበት ዓመት ኦዙ የወረራው ጦር መለዮ ለብሶ በዚያው አገር ይገኝ ነበር ማለት ነው። በ1943 ደግሞ ወደ ሲንጋፖር ተልኮ እስከ 1946 ቆይቷል። ስለዚህ ነገር በፊልሞቹ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ጦርነቱ በኦዙ ቤት ያልተመለሰ ልጅ፣ ግድግዳ ላይ የቀረ ፎቶግራፍ ነው። በ1962 በተሠራው የመጨረሻ ፊልሙ አንድ የቀድሞ የመርከብ አዛዥና መርከበኛው በመጠጥ ቤት ተገናኝተው የባሕር ኃይሉን ሰልፍ ሙዚቃ እየሰሙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ አዛዡም መሸነፋችን ሳይሻል አልቀረም ይላል። ጃፓናውያን ያጡት ሁሉ በስሱ ተነክቷል። ሌሎች ከጃፓናውያን እጅ የተቀበሉት ግን በፊልሙ የለም። የኦዙን ሥራ የሚወድ ሁሉ ይህን ጉድለት ቢያውቀው መልካም ነው። ሆው ጉድለቱን በክስ አላነሣውም። በመታሰቢያው ማዕድ ላይ አንድ ወንበር ጨምሮ ጂያንግን አስቀመጠው፤ ያስተዋለ ያየዋል፣ ያላስተዋለም ወጡን በልቶ ይሄዳል። በአማርኛ ሰምና ወርቅ የለመደ ተመልካች እንዲህ ያለውን አነጋገር ለመፍታት ከሌላው የተሻለ ዝግጅት ይኖረው ይሆናል።

ዮኮ ጂያንግ ያዘወትረው የነበረውን ካፌ ትፈልጋለች። ሠፈሩን ታገኘዋለች፤ ካፌው ግን የለም፣ በቦታው ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ትዕይንቱ አጭር ነው፣ ማንም አያዝንም። ጀርመናዊው ዊም ቬንደርስ በ1983 የኦዙን ቶኪዮ ፍለጋ ሄዶ ባዘጋጀውና በ1985 ባሳየው «ቶኪዮ ጋ» ውስጥ ስለ ጠፋችው ከተማ ሲያዝን ተሰምቷል። በዚያ ፊልም ለብዙ ዓመታት የኦዙ ካሜራ ሠራተኛ የነበረው ዩሃሩ አትሱታ ዝቅተኛውን የካሜራ ማቆሚያ እያሳየ ሲያለቅስ የታየው ትዕይንት የሚረሳ አይደለም። ይሁን እንጂ ቬንደርስ የሚፈልገው ያላገኘውን ነው፤ ሆው ደግሞ ያገኘውን ያያል። በእርግጥ ኦዙ በሞተ በአሥር ወሩ ቶኪዮ ሌላ ከተማ ሆናለች። የኢትዮጵያ ተመልካች የሚያውቃት ይህችኛዋን ነው፤ አበበ ቢቂላ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 የሮጠባትን፣ ኮን ኢቺካዋም «የቶኪዮ ኦሎምፒያድ» በተባለው የ1965 ፊልሙ ረጅም ጊዜ ወስዶ ከአበበ ጋር ያሳያትን፣ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች የተዘረጉባትን። ኦዙ ይህችን ከተማ አላያትም።

ስለ ርእሱ አንድ ነገር መጨመር ያሻል። የኢትዮጵያ ተመልካች ካፌ የሚል ርእስ አይቶ ረከቦት፣ ጎረቤትና ሦስተኛ ስኒ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በዚህ ፊልም ካፌ ማለት አንድ ሰው ብቻውን በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚያነብበት ቦታ ነው። የፊልሙ የምሥራቅ ስም «የቡና ጊዜ» እንደ ማለት ሲሆን፣ «ጊዜ» የሚለው ቃል የተጻፈው የሰዓትንና የብርሃንን ፊደላት በማጣመር ነው። የፈረንሳይኛው «ሉሚዬር» ደግሞ ብርሃን ከማለቱም በላይ ሲኒማን በ1895 በፓሪስ ለሕዝብ ያሳዩት ወንድማማቾች ስም ነው። ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየው አጭር ፊልማቸው ከሲኒማ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው። ታይዋን በጃፓን እጅ የወደቀችውም በዚያው በ1895 መሆኑን ደራሲዎቹ፣ ሆውና ቹ ቲየን ወን፣ ሳያስተውሉት አልቀሩም ይሆናል፤ ቢሆንም ፊልሙ አይናገረውም።

ፊልሙ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ዮኮ ሕፃኑ በበረዶ ስለተለወጠበት ሕልሟ ለሃጂሜ ትነግረዋለች፤ ሃጂሜም ሕልሙ የአሜሪካዊውን የሞሪስ ሴንዳክን የ1981 የልጆች መጽሐፍ እንደሚመስል ደርሶበት መጽሐፉን ያመጣላታል። በመጽሐፉ ውስጥ አጋንንት ሕፃኗን ሰርቀው በምትኳ ከበረዶ የተሠራች ይተዋሉ። እናቷ በልጅነቷ ትታት የሄደች፣ አሁን ራሷ እናት ልትሆን የተቃረበች ሴት እንዲህ ያለ ፍርሃት ቢያድርባት ይታመናል። ነገር ግን ሁሉንም በዝምታ የተወ ፊልም ይህችን አንዲት ነገር ብቻ መጽሐፍ ከፍቶ ማስረዳቱ ሚዛኑን ያዛባዋል። ሃጂሜ በኮምፒዩተሩ የሠራው ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያውን በባቡሮች የተከበበ ማኅፀን፣ በመካከሉም ሕፃን። ሥዕሉ በራሱ ያምራል። ይሁንና ተመልካቹ በራሱ ሊደርስበት ሲል ቀድሞ መልሱን ይሰጠዋል። በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የሚሰማው የተዋናይቱ ዘፈን ለገበያ የገባ ይመስላል፤ የጂያንግ ፒያኖ ቢቀጥል በተሻለ ነበር።

የታዳኖቡ አሳኖ ሃጂሜ ግን ከነሥዕሉ የፊልሙ ትልቅ ግኝት ነው። በኦዙ ዓለም እንዲህ ያለ ወጣት ወይ ሙሽራ ይሆናል ወይ የሙሽራው ጓደኛ። ሃጂሜ ዮኮን እንደሚወዳት አያጠራጥርም፤ የሚለው ነገር የለም። ከአባትየው ዝምታ የሚለየው ግን አንድ ነገር ነው፤ ያዳምጣል። መቅረጸ ድምፁንና ማዳመጫውን ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል። ለምን እንደሚቀርጽ በግልጽ አይናገርም። ለሷ ግን መጽሐፉን ያገኛል፣ ሕልሟን ይከታተላል፣ ስትታመም ይመጣል። አንድ ሰው ስለ ዝምታው ምስጋና የሚገባው እንዲህ ሲያዳምጥ እንደሆነ ፊልሙ አባትየውንና ሃጂሜን አጠገብ ለአጠገብ ሳያስቀምጥ ያሳያል። ሁለቱ በአንድ ትዕይንት አይገናኙም።

በአንድ ቦታ ዮኮ በአንዱ ባቡር፣ ሃጂሜ በሌላው ሆነው ሁለቱ ባቡሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እርሷ በበሩ መስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ እርሱ ማይክሮፎኑን ይዞ ያዳምጣል። አይተያዩም። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ሙዚቃ ያስገባበት ነበር። ሆው ባቡሮቹ እንዲለያዩ ይተዋቸዋል።

በፍጻሜው ዮኮ በባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወስዷታል። ሃጂሜ ሲገባ ያገኛታል፤ አይቀሰቅሳትም፣ አጠገቧ ይቆማል። ስትነቃ ታየዋለች፤ ሁለቱም በአንድ ጣቢያ ይወርዳሉ። እርሱ ማይክሮፎኑን ዘርግቶ ድምፅ ይቀርጻል፣ እርሷ አጠገቡ ትቆማለች፤ ተሳፋሪዎች በፊታቸው ያልፋሉ። ከዚያ ካሜራው ኦቻኖሚዙ ከተባለው ጣቢያ አጠገብ፣ ከካንዳ ወንዝ በላይ ሆኖ ይታያል። በዚያ ቦታ የተለያዩ የባቡር መሥመሮች በተለያየ ከፍታ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ከዋሻ ወጥቶ ወንዙን ይሻገራል፣ ሌሎቹ ከላዩ በግራና በቀኝ ያልፋሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ገና ከሩቅ እየመጣ ነው።